ስፍርና ሚዛን፦ የ«ቁና»ና የ«ኪሎ» ታሪክ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

1. የጥያቄው መነሻ

በመርሳ ከተማ አንዲት ባለሙያ እናት ለልጇ የድፎ ዳቦን አሠራር ስታስረዳ «ሦስት ጣሳ ዱቄት ንፊ፤ ውሀውን እያየሽ ጨምሪ» ብትላት ይበቃል። ጣሳው የታወቀ ነው፤ የሚሰፍረውም እጅ የለመደ ነው። ልጅቱ ግን አዲስ አበባ ገብታ የራሷን ጎጆ ስታቆም ዱቄቱን የምትገዛው በኪሎ ይሆናል። በዚህ ጊዜ «እማዬ፣ ሦስት ጣሳ ስንት ኪሎ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እናትየውም «እንደ ዱቄቱ ነው» ብላ ትመልሳለች።

ይህ መልስ ላዩን ሲያዩት ከጥያቄው የሸሸ ይመስላል። ይሁን እንጂ ትክክለኛው መልስ እርሱ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅም «ቁና»፣ «ጣሳ»፣ «ዳውላ» ለሚሉት ቃላት ፍች በሚጽፍበት ጊዜ ይኸው የልጅቱ ጥያቄ ይቀርብለታል። አንዳንዱም ለአንባቢ እንዲቀል በማሰብ ቃሉን በአንድ የኪሎ ቁጥር ይፈታዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ፍች ከቃሉ ታሪክም ሆነ ከዕቃው ጠባይ ጋር የማይስማማ መሆኑን ማሳየት፣ በምትኩም የሚበጀውን አጻጻፍ ማመልከት ነው። ማስረጃው በአብዛኛው የተወሰደው ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ የገበያና የቤት ኑሮ ነው፤ ምክንያቱም ደጋና ቆላ በሚገናኙበት በዚህ አገር በአንድ ቁና የተሰፈሩ ልዩ ልዩ እህሎች ጎን ለጎን ይታያሉ።

2. ሁለት ግሦች፣ ሁለት ተግባሮች

አማርኛ መጠንን ለመግለጽ አራት ግሦችን ለይቶ ይሠራባቸዋል። እንቁላል ይቆጠራል፤ ሸማ ይለካል፤ እህል ይሰፈራል፤ ወርቅ ይመዘናል። «ለካ» የሚለው ግሥ ዛሬ ሰፍቶ የሌሎቹንም ቦታ እየያዘ ቢሄድ፣ «ሰፈረ»ና «መዘነ» ግን ድንበራቸውን እንደ ጠበቁ ይገኛሉ። የሰፈረ ሰው ዕቃ ይሞላል፤ የመዘነ ሰው ክብደት ያስተያያል። የመጀመሪያው ስለ ቦታ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ጫና።

«ሰፈረ» ከግእዝ የወረሰነው ሲሆን ዘሩ ብዙ ነው፦ ስፍር፣ መስፈሪያ፣ ሰፋሪ፣ አሰፋፈር። «ስፍር ቁጥር የሌለው» ስንል በዕቃ ሊሞላ፣ በጣት ሊቆጠርም የማይችል ማለታችን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የምናነበው «መስፈርት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ስለዚህ ለሥራ የሚወዳደር ሰው መስፈርት አሟላ በተባለ ቁጥር፣ በአነጋገሩ ሥር የእህል መስፈሪያ ምስል አለ። ከ«መዘነ» ደግሞ ሚዛን፣ መመዘኛ፣ ሚዛናዊ፣ እንዲሁም «ሚዛን ደፋ» የሚሉት ተገኝተዋል። መስፈርትና መመዘኛ ዛሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቢተካኩም፣ አንዱ ከጎተራ ደጃፍ፣ ሌላው ከወርቅ አንጥረኛ ቤት የመጡ ናቸው።

«ቁና» ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚያደላ ሕዝቡ በምሳሌያዊ አነጋገሩ መስክሯል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል እንጂ መመዘን አይቀርም አይባልም። ሮጦ የደከመ ሰውም «ቁና ቁና ይተነፍሳል»። ቁና ማለት ይህን ያህል ኪሎ ማለት ነው ብሎ የጻፈ መዝገበ ቃላት ይህን አነጋገር ሊያስረዳ አይችልም፤ ትንፋሽ በደረት ይሞላል እንጂ በሚዛን አይቀመጥምና። በአማርኛው ወንጌልም በእርሾው ምሳሌ የተነገረላት ሴት እርሾዋን የሸሸገችበት ዱቄት በመስፈሪያ ነው የተነገረው። ዱቄትን መስፈር የወሎ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የብዙ ጥንታውያን ሕዝቦች ልማድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

3. ለወርቅ ሚዛን፣ ለእህል ቁና

በቀድሞው ንግድ ሚዛንና መስፈሪያ ሥራ ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። ሚዛን ዋጋው ከፍ ላለ፣ መጠኑም ላነሰ ዕቃ ነበር። ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር፤ የአንዱ ወቄት ክብደትም ከማርያ ትሬዛ ብር ክብደት ጋር፣ ማለት ከ28 ግራም ያህል ጋር ይተካከል ነበር። ነጥርና ፈረሱላም የክብደት ስሞች ናቸው፤ ፈረሱላ ዛሬም በቡና አገር 17 ኪሎ ተብሎ ይታወቃል። እህል ግን ርካሽና ብዙ በመሆኑ ሚዛን አይጠብቅም ነበር። የሚሰፈረው በእፍኝ፣ በቁና፣ በእንቅብ፣ በላዳን ሆኖ፣ ሲበዛ በዳውላና በአህያ ጭነት ይነገር ነበር።

በብዙ ስፍራ ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ይባል ነበር። ነገር ግን ቁና በስፌት የሚሠራ ዕቃ ስለ ሆነ የአንዲቱ ሴት ቁና ከጎረቤቷ ቁና፣ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና አይተካከልም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች፣ ሚዛኖችና ዋጋዎች ታሪክ በተከታታይ ባሳተማቸው ጽሑፎች የአንድ መለኪያ ስም ከአገር አገር ልዩ ልዩ መጠን ይዞ መገኘቱን በሰፊው አሳይቷል።

ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ጉዳት ያመጣ ነበር ማለት አይደለም። በተመሳሳይ ቁና የሚከፋፈል ነገር በቁናው መጠን አይዛባም። አሥራት እ.ኤ.አ. በ1967 በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ እስኪቀር ድረስ ከዐሥር አንድ ተብሎ የሚታሰብ ስለ ነበር፣ ቁናው ቢተልቅም ቢያንስም ዐሥረኛው ያው ዐሥረኛ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው መጠኑ አስቀድሞ በቁና ተቆርጦ፣ ቁናው ግን በኋላ ሲለወጥ ነው። በክረምት በትንሽ ቁና ያበደረ ሰው በመኸር በትልቅ ቁና ቢያስመልስ፣ ወለዱ በቃል ሳይነገር በዕቃው ውስጥ ተደብቆ ይገባል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው አነጋገር ለሥነ ምግባር ማስተማሪያ ከመሆኑ በፊት የገበያና የብድር ሕግ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

4. ገብስና ማሽላ በወልድያ

ወልድያ ከመቄት፣ ከዋድላና ከደላንታ ደጋ የሚወርደው ገብስና ባቄላ፣ ከሀብሩና ከቆቦ በኩል ከሚመጣው ጤፍና ማሽላ ጋር የሚገናኝበት ገበያ ነው። ደገኛው ማሽላ፣ ቆለኛው ገብስ ሲፈልግ ቁና በቁና ቢለዋወጡ በዓይን የሚታይ በደል የለም፤ ዕቃው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሞልተዋል። በሚዛን ቢወጡ ግን እኩል አይሆኑም።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነን የአሜሪካው ቡሼል ነው። ቡሼል በመነሻው እንደ ቁና የእህል መስፈሪያ ሲሆን የሚይዘውም 35 ሊትር ከሩብ ያህል ነው። የእህል ነጋዴዎች ወደ ሚዛን በዞሩ ጊዜ ለቡሼል አንድ የክብደት ቁጥር አልሰጡትም፤ ለየእህሉ ለየብቻ ወሰኑለት እንጂ። በዚህም መሠረት አንድ ቡሼል ስንዴ 60 ፓውንድ፣ ማለት 27.2 ኪሎ ነው፤ በቆሎና ማሽላ 56 ፓውንድ ወይም 25.4 ኪሎ፤ ገብስ 48 ፓውንድ ወይም 21.8 ኪሎ፤ አጃ 32 ፓውንድ ወይም 14.5 ኪሎ ነው። ስሙ አንድ፣ ዕቃው አንድ፣ ክብደቱ ግን አራት ዓይነት ሆነ።

የእኛ አገር ገብስና ማሽላ እንደ ዘሩ፣ እንደ ዝናቡና እንደ እርጥበቱ ከዚህ ቁጥር ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው። ገብስ ገለባው ተጣብቆበት ስለሚቀር በፍሬና በፍሬ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ማሽላ ግን ድቡልቡልና ልሙጥ በመሆኑ ተጠጋግቶ ይሞላል። ከላይ በተሰጠው ቁጥር ብንሄድ፣ ሰባት ቁና ገብስ በክብደት ከስድስት ቁና ማሽላ ጋር እንደሚተካከል እናገኛለን። ይህን የአገራችን ገበሬ በቁጥር ባይጽፈውም በጀርባውና በአህያው ጀርባ ያውቀዋል፤ ስለዚህም ነው ብድር ሲመልስ «እህሉ በእህሉ» የሚለው፣ ማለት ጤፍ በጤፍ፣ ማሽላ በማሽላ።

5. ኩንታል ሲመጣ

በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከደሴ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የመኪና መንገድ ሲሠራ፣ ከመኪናው ጋር የሚዛን ቃላትም በብዛት ገቡ። አህያ የምትችለው በዳውላና በጭነት ሊነገር ይችላል፤ የጭነት መኪና ግን በኩንታል ነው የሚቆጠረው። «ኩንታል» ከኢጣልያንኛ ይምጣልን እንጂ መንገዱ ረጅም ነው፤ ከላቲን «መቶ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች የተመለሰ ነው። «ፉርኖ» የሚለውም ቃል በዚሁ በኢጣልያንኛ በር ገብቶ፣ መጀመሪያ ምድጃውን ይጠራ የነበረው ዛሬ ዳቦውንና ዱቄቱን ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሚዛኖችና ስለ መለኪያዎች በወጣው አዋጅ ሜትራዊው ሥርዐት የአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ ሆነ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከየገበሬ ማኅበሩ የሚቀበለውን እህል በኩንታል ስለ ወሰነ፣ «ኩንታል» የሚለው ቃል ከነጋዴው መጋዘን አልፎ እስከ ገበሬው ጎተራ ዘለቀ። በቤቱ በቁና የሚያስበው ገበሬ ኮታውን በኩንታል ይሰማ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኘው ስሌት በእጁ ስላልነበረ፣ ከጎተራው ስንት ቁና እንደሚወጣ የሚያውቀው እህሉ ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ ነበር። የኮታው ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1990 ቀርቷል፤ ቃሉ ግን ቀረ።

ከዚህ ወዲያ የሆነው ነገር ለቃላት አጥኚ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ክብደት ሆኖ የመጣው «ኩንታል» ቀስ በቀስ የዕቃ ስም ሆነ። ዛሬ «ባዶ ኩንታል» ሲባል የምንሰማው መቶ ኪሎ የሚይዘውን ጆንያ ለማለት ነው። የአፈር ማዳበሪያ የሚመጣበት ከረጢትም ራሱ «ማዳበሪያ» ተብሎ «አንድ ማዳበሪያ ማሽላ» ይባልበታል። ሕዝቡ ሚዛኑን ተቀብሎ መልሶ መስፈሪያ አደረገው። ኪሎ ራሱ ሲወለድ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ፈረንሳውያን በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኪሎ ግራምን ሲወስኑ አንድ ሊትር ውሀ የሚመዝነውን መሠረት አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ቢተካም፣ የኪሎ መነሻ በውሀ የተሞላ ዕቃ ነው። ሊትርና ኪሎ እኩል የሚሆኑት ግን ለውሀ ነው፤ ለዱቄት አይደለም።

6. የጣሳው ዕዳ

ጉዳዩ የቃል ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበትም ነበር። ነገር ግን ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረኃብ የሚያስታውስ ሁሉ፣ አንድ ጣሳ እህል ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በእህል የሚከፍለውን በክብደት ወስኖ፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ አድርጎት ነበር። እህሉ በ50 ኪሎ ጆንያ ሲመጣ፣ አንድ ጆንያ ለሦስት ሰው ደርሶ 5 ኪሎ ይተርፋል፤ አራት ነፍስ ያለው ቤት ደግሞ አንድ ጆንያ ወስዶ 10 ኪሎ ከሌላ ጆንያ መጋራት አለበት። ሚዛን ከሌለ የሚጋራው በጣሳ ነው።

እንግዲህ በስንዴ ልክ አንድ ኪሎ የሚይዝ ጣሳ ተመርጦ «አንድ ጣሳ አንድ ኪሎ» ተብሎ ተለመደ እንበል። በስንዴው ዘመን ዐሥራ አምስት ጣሳ ዐሥራ አምስት ኪሎ ነው፤ ማንም አይጎዳም። በሚቀጥለው ጊዜ የመጣው እህል ማሽላ ወይም በቆሎ ቢሆን፣ ከላይ በተመለከተው የቡሼል ሥርዐት መሠረት ዐሥራ አምስት ጣሳ 14 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ገብስ ቢሆን 12 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጎደለ ማለት ነው። ዱቄት ቢሆን ደግሞ ጉድለቱ ከዚህም ይብሳል። ሰፋሪው አልሰረቀም፤ ጣሳውም አልተቀየረም። የጎዳው «ጣሳ ማለት ኪሎ ነው» የሚለው ትርጉም ነው። የተሳሳተ ፍች በመጽሐፍ ላይ ሲሆን ስሕተት ይባላል፤ በእህል ክፍያ ቦታ ሲሆን ግን የአንድ ቤተ ሰብ የስንት ቀን ቀለብ ይሆናል።

7. ወደ ዱቄቱ ስንመለስ

ከእህል ሁሉ ይልቅ መስፈሪያን የሚያታልለው ዱቄት ነው። ያልተፈጨ እህል በዕቃ ሲሞላ ፍሬው እንደ ተፈጥሮው ይቀመጣል፤ ዱቄት ግን ሲነፋ አየር ያዝላል፣ ሲነቀነቅ ይወርዳል፣ ሲጫኑት ይታፈጋል። አሜሪካውያን ዱቄትን በኩባያ ይሰፍራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 በታተመው የፋኒ ፋርመር የምግብ አሠራር መጽሐፍ ኩባያው አፉ ድረስ ሞልቶ በቢላዋ እንዲስተካከል መታዘዙም ይህን መዋዠቅ ለመቀነስ ነበር። የኩባያው ልክ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ቀለል ተደርጎ የተሞላ ኩባያ ዱቄት 120 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ታጭቆ የተሞላው እስከ 150 ግራም ይደርሳል።

ይህን ወደ መርሳዋ እናት ጣሳ እናምጣው። ስንዴ ሲሞላ ኪሎ የሚሆነው ጣሳ 1.3 ሊትር ያህል ይይዛል። በዚያ ጣሳ ተነፍቶ የተሰፈረ የስንዴ ዱቄት 660 ግራም ያህል፣ ታጭቆ የተሰፈረው 820 ግራም ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ጣሳ ከ2 ኪሎ እስከ 2.5 ኪሎ ድረስ ሊዋዥቅ ይችላል። ሊጡ ለመቶ እጅ ዱቄት ስድሳ እጅ ውሀ የሚፈልግ ቢሆን፣ ለመጀመሪያው 1.2 ሊትር፣ ለሁለተኛው 1.5 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሊጡን ወይ ያደርቀዋል ወይ ያቀጥነዋል። እናትየው «ውሀውን እያየሽ ጨምሪ» ያለቻት ለዚህ ነው፤ በጣሳው የጠፋውን ርግጠኛነት በእጇ ትመልሰዋለች። ዳቦ ጋጋሪው ግን በአንድ ቀን ብዙ ዳቦ አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ስላለበት ዱቄቱን ይመዝናል፤ ውሀውን፣ ጨውንና እርሾውንም ከዱቄቱ ክብደት አንጻር ያሰላል።

8. ለመዝገበ ቃላት የሚበጅ አጻጻፍ

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሁለት ነገሮችን እናጠቃልላለን። አንደኛ፣ የስፍር ስም በስፍር ይፈታ፤ ክብደቱ ቢያስፈልግ የእህሉ ዓይነትና ቦታው አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከስፍር ወደ ሚዛን የሚያሻግረውን ጽንሰ ሐሳብ የሚገልጽ ቃል አብሮ ይለመድ። ለዚህም የትምህርት መጻሕፍት «እፍግታ» የሚለውን ቃል ይሠሩበታል። ቃሉ «ታፈገ»፣ ማለት ተጠጋግቶ ተጨናነቀ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ለዱቄት ጠባይ እጅግ የተስማማ ነው። ለምሳሌ ያህል የሚከተሉት አራት ፍችዎች ቀርበዋል።

ቁና (ስም)፦ 1. በስፌት የሚሠራ የደረቅ እህል መስፈሪያ። 2. በዚህ ዕቃ አንድ ጊዜ የሚሞላ መጠን፤ ልኩ ከቦታ ቦታ፣ ክብደቱ ከእህል እህል ይለያያል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም»፤ «ቁና ቁና ተነፈሰ»፣ ማለት በኀይል ተነፈሰ።

ጣሳ (ስም)፦ 1. ከቆርቆሮ የሚሠራ ዕቃ። 2. በዚህ ዕቃ የሚሰፈር የእህል ወይም የዱቄት መጠን፤ ልኩ እንደ ጣሳው፣ ክብደቱ እንደሚሞላው ነገር ዓይነትና እንደ አሞላሉ ነው።

ኩንታል (ስም)፦ 1. የክብደት መለኪያ፣ 100 ኪሎ ግራም። 2. (በተለምዶ) ይህን ያህል እህል የሚይዝ ጆንያ።

እፍግታ (ስም)፦ በአንድ በተወሰነ ስፍር ውስጥ የሚገኝ ነገር ክብደት፤ ስፍርን ወደ ሚዛን፣ ሚዛንን ወደ ስፍር መለወጫ።

በየአገሩ ተዘዋውሮ የመለኪያ ቃላትን የሚሰበስብ ሰውም አምስት ነገሮችን መዝግቦ ቢመለስ ሥራው ፍጹም ይሆናል፦ የመስፈሪያውን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ዕቃው በሊትር የሚይዘውን፣ የሚሰፈረው ተቆልሎ ወይስ አፉ ተስተካክሎ መሆኑን፣ በመጨረሻም ለየእህሉ የሚመዝነውን። ቁና ስፌት ስለ ሆነ ውሀ አይይዝም፤ ስለዚህ በጤፍ ሞልቶ ጤፉን በሊትር ዕቃ መልሶ መስፈር ይበጃል። ይህ ሥራ የሚዘገይ አይደለም፤ የስፌቱ ቁና በጣሳና በማዳበሪያ እየተተካ ሲሄድ፣ ልኩን የሚያውቁት እናቶች ካለፉ ቃሉ በመዝገብ ቢቀርም መጠኑ ይጠፋልና።

ያን ጊዜ ልጅቱ «ሦስት ጣሳ ስንት ኪሎ ነው?» ብላ መዝገበ ቃላት ብትገልጥ የምታገኘው መልስ እናትዋ ከነገረቻት የተለየ አይሆንም፤ እንደ ዱቄቱ ነው። የመዝገበ ቃላቱ ድርሻ ከዚህ ቀጥሎ የቱ ዱቄት፣ በየትኛው ጣሳ፣ እንዴት ተሞልቶ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።